የፓትናው ልጅ ለምን ለቢሃር አልተጫወተም? የህንድ ክልሎች የክሪኬት ዋንጫና የጨረታው ገበያ

የክሪኬት ተጫዋቹ ኢሻን ኪሻን የተወለደው ፓትና ነው። ፓትና የቢሃር ክልል ዋና ከተማ ናት። ዲሴምበር 18 ቀን 2025 ፑኔ ከተማ ላይ ዋንጫ ሲያነሳ ግን የለበሰው የጎረቤቱን ክልል የጃርካንድን ማሊያ ነበር። (ቀኖቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የፍጻሜው ተጋጣሚ ሃርያና ነበር። የጃርካንዱ አምበል ኪሻን በ49 ኳስ 101 ነጥብ መታ። ቡድኑ 262 አስቆጠረ፤ ሃርያና 193 ላይ ቆመ። ጃርካንድ ይህን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው።

እኔን የያዘኝ ከውጤቱ ይልቅ ማሊያው ነው። የፓትና ልጅ ለምን ለቢሃር አልተጫወተም? መልሱን ፍለጋ ስትገቡበት፣ በህንድ ክሪኬት በር ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቀው ላስረዳ። ዱባይ፣ ሻርጃ ወይም ዶሃ የሠራ ሰው ሳያየው አይቀርም። በእረፍት ቀን ባዶ ቦታ በተገኘበት ህንዶች፣ ፓኪስታኖችና ባንግላዴሾች ሲጫወቱት ይውላሉ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል። የመታው ወዲያና ወዲህ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ኳሷ መሬት ሳትነካ የሜዳውን ወሰን ካለፈች በአንዴ ስድስት ነጥብ ነው። ረጅሙ ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል። አጭሩ፣ ቲ20 የሚባለው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ለእያንዳንዱ ቡድን 120 ኳስ ብቻ ይወረወርለታል። በዚህ ጨዋታ 170 ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ደህና ሠርቷል ይባላል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ኪሻን ያነሳው የሰይድ ሙሽታቅ አሊ ዋንጫ ነው። የህንድ ክሪኬት ቁጥጥር ቦርድ የሚያዘጋጀው የክልሎች የቲ20 ውድድር ነው። የተጀመረው በ2006-07 የውድድር ዘመን ሲሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ ታሚል ናዱ ወሰደ። ስሙን ያገኘው ከኢንዶር ከተማ ከወጣ ሰው ነው። ሙሽታቅ አሊ በ1936 ማንችስተር ላይ በእንግሊዝ ላይ 112 ነጥብ መታ። ከአገሩ ውጭ በአምስት ቀኑ ጨዋታ መቶ የሞላ የመጀመሪያው ህንዳዊ እሱ ነው። ደፋር መቺ ነበር። አንድ ጊዜ ከቡድን ሲያስቀሩት የካልካታ ሕዝብ «ሙሽታቅ ከሌለ ጨዋታ የለም» ብሎ ተነሳ፤ መለሱትም። ለፈጣኑ ጨዋታ የእሱን ስም መስጠታቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ማሊያው ልመለስ።

በህንድ ክሪኬት ቡድኖቹ «ክልል» ቢባሉም ካርታው ከክልሎቹ ካርታ ጋር አይገጥምም። የማሃራሽትራ ክልል ሦስት ቡድን አለው፦ ሙምባይ፣ ማሃራሽትራ እና ቪዳርባ። የጉጃራት ክልልም ሦስት አለው፦ ጉጃራት፣ ባሮዳና ሳውራሽትራ። ይህ ከእንግሊዝ ዘመንና ከመሳፍንት ግዛቶች የተረፈ ውርስ ነው። ክሪኬቱ ቀድሞ የገባበትና ገንዘቡ የነበረበት ቦታ ቡድኑን ቀድሞ አቋቋመ፣ መብቱንም ይዞ ቀረ።

በሌላው ጫፍ ቢሃር አለ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጥሮበታል። ኢትዮጵያን የሚያህል ሕዝብ ማለት ነው። በኖቬምበር 2000 የክልሉ ደቡባዊ ክፍል ተነጥሎ ጃርካንድ የሚባል አዲስ ክልል ሆነ። ጥሩ ሜዳ ያላቸው ጃምሼድፑርና የቀድሞው የህንድ ቡድን አምበል የማህንድራ ሲንግ ዶኒ ከተማ ራንቺ ወደ አዲሱ ክልል ሄዱ። ከክፍፍሉ በኋላ በውድድሮቹ ላይ የቆየው የጃርካንድ ማኅበር ሆነ። ቢሃር ቡድን አልባ ሆኖ ቀረ። ከ2004 አካባቢ ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚወክል አንድም ቡድን በሀገሪቱ ትልልቅ ውድድሮች ውስጥ አልነበረም።

እስቲ አስቡት። ፓትና ውስጥ አንድ ልጅ ጎበዝ መቺ ሆኖ ተገኘ እንበል። ወዴት ይሂድ? የክልሉ ቡድን የለም። ስለዚህ ወላጆቹ አቅም ካላቸው ወደ ሌላ ክልል ይልኩታል። ኪሻን በልጅነቱ ራንቺ ሄደ፤ እዚያ አደገ፣ እዚያ ተጫወተ፣ እዚያ አምበል ሆነ። ለእሱ ተሳካለት። ያልሄዱትን ግን የሚቆጥራቸው የለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ችሎታ የነበራቸው፣ የባቡር ቲኬትና የቤት ኪራይ የሚከፍልላቸው ያልነበራቸው ልጆች በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም።

በሩን የከፈተው ፍርድ ቤት ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሎዳ ኮሚቴ የሚባለውን አካል ሰይሞ የቦርዱን አሠራር አስመረመረ። ከዚያ በኋላ በመጡት ለውጦች በ2018-19 ዘጠኝ አዳዲስ ቡድኖች ወደ ውድድሮቹ ገቡ፦ ቢሃር፣ ኡታራካንድ፣ ፑዱቼሪ፣ ሲኪም፣ ማኒፑር፣ ሜጋላያ፣ ሚዞራም፣ ናጋላንድ እና አሩናቻል ፕራዴሽ። በዓመቱ ቻንዲጋር ተጨመረና ጠቅላላው 38 ደረሰ።

ብዙ ሰው ያን ጊዜ አልወደደውም። «ደረጃው ይወርዳል» ተባለ። እውነትም ውጤቶቹ ያስደነግጡ ነበር።

ዲሴምበር 5 ቀን 2024 ኢንዶር ላይ ባሮዳ ከሲኪም ተጫወተ። የሙሽታቅ አሊ የትውልድ ከተማ መሆኑ ይገርማል። ባሮዳ 349 ነጥብ አስቆጠረ። 170 ደህና ነው ያልኳችሁን አስታውሱ። 37 ጊዜ ኳሷ በአየር ከወሰኑ ወጣች። ባኑ ፓኒያ የሚባል መቺ ብቻውን በ51 ኳስ 134 አስቆጠረ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በቲ20 የተመዘገበ ትልቁ ውጤት ይህ ነበር። የተሰበረው ክብረ ወሰን ገና ስድስት ሳምንቱ ነበር፤ ዚምባብዌ ናይሮቢ ላይ በጋምቢያ ላይ ያስቆጠረችው 344 ነው። ሲኪም ሲመታ 86 ላይ ቀረ። ልዩነቱ 263 ነጥብ ሆነ።

በዚያው ዕለት የፑንጃቡ አቢሼክ ሻርማ በሜጋላያ ላይ በ28 ኳስ መቶ ሞላ። ከቀናት በፊት ደግሞ ዴልሂ ከማኒፑር ሲጫወት አሥራ አንዱንም ተጫዋቾቹን እያፈራረቀ አስወረወረ። ግብ ጠባቂው ሳይቀር ፍጹም ቅጣት ምት የመታበት የእግር ኳስ ጨዋታ አስቡ፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ለዴልሂ መዝናኛ ነበር። ለማኒፑር ልጆች ግን ቀኑ ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው «ትንንሾቹን ለምን አስገቧቸው?» ይላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ለምን ያን ያህል ዘገዩ? ሲኪም በ2011 ቆጠራ ስድስት መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበረው። ተራራ ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ጠፍጣፋ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። በማኒፑርና በሚዞራም ደግሞ የሕዝቡ ልብ እግር ኳስ ላይ ነው። እነዚህ ቦታዎች ከሙምባይ ጋር እኩል መስመር ላይ እንዲነሱ የተነገራቸው በ2018 ነው። ሙምባይ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ጀምሯል። በስድስት ዓመት ውስጥ እኩል ይሁኑ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሌላ በኩል በየዓመቱ በ200 ነጥብ መሸነፍም ማንንም አያሳድግም። ወርዋሪው ይሰበራል። መቺው በማያውቀው ፍጥነት የመጣችበትን ኳስ ሳያያት ከጨዋታ ይወጣል። ቦርዱ እያንዳንዱ ቡድን እስከ ሦስት ተጫዋች ከሌላ ክልል እንዲያስመጣ ይፈቅዳል። ይህ ውጤቱን ትንሽ ያሻሽላል። ግን ሦስቱን ቦታ የያዙት እንግዶች ናቸው። የናጋላንድ ልጅ ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ለዚህ በ2025-26 መፍትሔ ተሞከረ። 32 ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፍለው በላይኛው እርከን ተጫወቱ። ደካማ የሚባሉት ስድስቱ ለብቻቸው ፑኔ ላይ እርስ በርስ ተጋጠሙ። እኔ ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። የሚመጣጠኑ ቡድኖች ሲገናኙ ጨዋታ ይሆናል፤ ማሸነፍም መሸነፍም ትምህርት አለው። የምሰጋው አንድ ነገር ነው። ታችኛው እርከን ላይ ያለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድም ትልቅ መቺ ላይ ሳይወረውር ይከርማል። ተጫዋች መልማዮችም ዓይናቸው ወደ ላይኛው ነው። ከታች ወደ ላይ መውጫው ጠባብ ከሆነ በ2018 የተከፈተው በር በሌላ ስም ተመልሶ ይዘጋል።

መልማይ ካልኩ ዘንድ ወደ ጨረታው እንሂድ። የዚህ ውድድር ነፍስም ሕመምም እዚያ ነው ያለው።

አይፒኤል የሚባለው የግል ክለቦች ሊግ በ2008 ተጀመረ። የክሪኬት ትልቁ ገንዘብ እዚያ አለ። ክለቦቹ ተጫዋቾችን በአደባባይ ጨረታ ይገዛሉ፣ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ይከታተላል። ባለፉት ዓመታት ጨረታው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መጥቷል፤ በ2023 ዱባይ፣ በ2024 ጅዳ፣ በ2025 አቡዳቢ። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ምናልባት በሆቴሉ ደጃፍ አልፋችሁ ይሆናል።

የክልሎቹ ዋንጫ በዚህ ገበያ ፊት ቀስ በቀስ የፈተና አዳራሽ ሆነ። አንዳንዴ ፈተናው ሰው ያወጣል። በ2013 መጀመሪያ ላይ ለጉጃራት የሚወረውር አንድ የማይታወቅ ልጅ ነበር። አወራወሩ የተለየ ነው፤ ክንዱ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ሩጫው አጭር ነው። የሙምባይ ኢንዲያንስ ክለብ አሠልጣኝ የነበረው ኒውዚላንዳዊው ጆን ራይት አየው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልጁ በአይፒኤል ተሰለፈ። ጃስፕሪት ቡምራ ነው። ዛሬ ስሙ የማይታወቅበት የክሪኬት አገር የለም።

ሻህሩክ ካንም አለ፤ ተዋናዩን ማለቴ አይደለም፣ የታሚል ናዱውን መቺ ነው። ጃኑዋሪ 2021 ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ። በቀጣዩ ወር መነሻ ዋጋው 2 ሚሊዮን ሩፒ የነበረው ልጅ በ52.5 ሚሊዮን ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ዴልሂ ላይ ታሚል ናዱና ካርናታካ ለፍጻሜ ተገናኙ። አንድ ኳስ ቀረ፣ አምስት ነጥብ ያስፈልጋል። ሻህሩክ መታት፣ በአየር ወጣች። ዶኒ በቴሌቪዥን ሲያያት የተነሳው ፎቶ በማግሥቱ በየስልኩ ዞረ። ከሁለት ዓመት በፊት ሱራት ላይ ይኸው ታሚል ናዱ በዚሁ ካርናታካ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ነበር። ስለዚህ ያቺ ኳስ ለደጋፊው ከገንዘብ በላይ ነበረች። ይህ ውድድር ከገበያው ውጭ የራሱ ሕይወት እንዳለው የማስታውሰው በእሷ ነው።

አሁን ሌላኛውን ገጽ ተመልከቱ። በዚያው ጃኑዋሪ 2021 የኬራላው መሐመድ አዛሩዲን ሙምባይ ድረስ ሄዶ በሙምባይ ቡድን ላይ በ37 ኳስ መቶ ሞላ፤ በ54 ኳስ 137 አድርሶ ሳይወጣ ጨረሰ። አገር ጉድ አለ። በጨረታው በመነሻ ዋጋው በ2 ሚሊዮን ሩፒ ተገዛ። በዚያ የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ አለቀ።

የኡርቪል ፓቴል ደግሞ ይብሳል። ኖቬምበር 24 እና 25 ቀን 2024 ጅዳ ላይ ጨረታ ነበር። ኡርቪል ገዢ አጣ። ጨረታው ባለቀ በሁለት ቀኑ፣ ኖቬምበር 27፣ ኢንዶር ላይ ለጉጃራት ተሰልፎ በትሪፑራ ላይ በ28 ኳስ መቶ ሞላ። እስከዚያ ቀን በቲ20 ከዚያ የፈጠነ ህንዳዊ አልነበረም። ግን ገበያው ተዘግቷል። ክለብ ያገኘው ከወራት በኋላ፣ በ2025 አይፒኤል መገባደጃ ላይ፣ በጉዳት የወጣ ተጫዋችን ተክቶ ነው።

ጥፋቱ የሰዓት ነው። ውድድሩ ከጨረታው በኋላ ሲመጣ ልጆቹ ለዘገየ ፈተና ይቀመጣሉ። በ2025 ተሻሽሏል። ውድድሩ ኖቬምበር 26 ተጀመረ፣ ጨረታው ዲሴምበር 16 ሆነ። ክለቦቹ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ጨዋታ አይተው ገዙ። ግን ይህም የራሱን ችግር አመጣ። ጨረታው የዋለው ፍጻሜው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያ ቀን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ሐሳቡ ፑኔ ሜዳ ላይ ነው ወይስ አቡዳቢ? ለክልልህ አስብ ብሎ መምከር ቀላል ነው። የልጁ ቤተሰብ ሕይወት ግን በዚያች ግማሽ ደቂቃ ይወሰናል።

ገንዘቡን በቁጥር ላሳያችሁ። የሙሽታቅ አሊን ዋንጫ የሚወስድ ቡድን በጠቅላላው የሚሸለመው 8 ሚሊዮን ሩፒ ነው። ይህን ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ይካፈሉታል። በጅዳው ጨረታ ገና 13 ዓመቱ የነበረ የቢሃር ልጅ፣ ቫይባቭ ሱርያቫንሺ፣ ብቻውን በ11 ሚሊዮን ሩፒ ተሸጠ። የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች ሪሻብ ፓንት በዚያው ጨረታ የተሸጠበት ዋጋ 270 ሚሊዮን ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ለክልል ዋንጫ የሚሮጥ ልጅ መኖሩ ራሱ ያስመሰግናል።

በዚህ ላይ አዲስ ተቀናቃኝ መጥቷል። ክልሎቹ ራሳቸው የየራሳቸውን ትንንሽ ሊግ አቋቁመዋል። ታሚል ናዱ በ2016 ጀመረ፣ ዴልሂ በ2024 ተከተለ። ኦገስት 2024 በዴልሂው ሊግ ፕሪያንሽ አርያ በስድስት ተከታታይ ኳስ ስድስት ጊዜ ከወሰን አወጣ። በሦስተኛው ወር በ38 ሚሊዮን ሩፒ ተሸጠ። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ነገሩን አጥብቃችሁ እዩት። እንዲህ ያለ ሊግ ማቋቋም የሚችለው ስፖንሰርና ቴሌቪዥን የሚመጣለት ክልል ነው። ዴልሂ ይችላል። ሚዞራም ከየት ያመጣል? መልማዮች ወደነዚህ ሊጎች በሄዱ ቁጥር ሁሉም እኩል የሚታይበት ብቸኛው መድረክ እየሳሳ ይሄዳል። ያ መድረክ የሙሽታቅ አሊ ዋንጫ ነው።

ቦርዱ ራሱ ይህን ውድድር እንደ ቤተ ሙከራ ይጠቀምበት ነበር። በመሐል ተጫዋች መቀየር የሚያስችለው ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2022 የተሞከረው እዚህ ነው። በዓመቱ ወደ አይፒኤል ተወሰደ። አይፒኤል እስካሁን ይዞታል፤ እዚህ ግን ከ2024 ጀምሮ ተነሳ። ማንሳቱ ትክክል ነበር። መቺም ወርዋሪም መሆን የሚችል ተጫዋች የሚያድገው ሁለቱንም እንዲሠራ ሲገደድ ነው።

የኪሻንን ታሪክ ላብቃ። ፌብሩዋሪ 2024 ቦርዱ ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ከሚሰጠው ዓመታዊ ኮንትራት አወጣው። ለክልል ውድድሮች ጊዜ አልሰጠም ተብሎ ነው። ሌላው የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሽሬያስ አየርም አብሮት ወጣ። ያን ጊዜ ቅጣቱ ጠንካራ መስሎኝ ነበር። ሽሬያስ አየር በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሙምባይ አምበል ሆኖ ይህን ዋንጫ አነሳ። በቀጣዩ ዓመት ኪሻን ከጃርካንድ ጋር አነሳው። ከፍጻሜው ሁለት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 20፣ ለ2026ቱ የቲ20 ዓለም ዋንጫ የተመረጡት ሲነገሩ የኪሻን ስም ነበረበት። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለህንድ ተሰልፎ አያውቅም ነበር። የመለሰው የክልሉ ቡድን ነው። በክልል ውድድር የተቀጣ ሰው በክልል ውድድር ተመለሰ። ዛሬ ያ ቅጣት ትክክል ነበር እላለሁ።

አንድ ጨዋታ ቀረኝ። ዲሴምበር 2 ቀን 2025 ኮልካታ በሚገኘው ኤደን ጋርደንስ ቢሃር ከማሃራሽትራ ተጋጠመ። ሱርያቫንሺ ያን ጊዜ 14 ዓመቱ ነው። በ61 ኳስ 108 መታ፤ እስከ መጨረሻው ኳስ ሳይወጣ ቆመ። በዚህ ውድድር ታሪክ መቶ በሞላ ሰው ዕድሜ ከእሱ የሚያንስ የለም። ቢሃር ግን ተሸነፈ፤ ማሃራሽትራ 177ቱን አሳዶ ደረሰበት። ልጁ የመጣው ከሳማስቲፑር ነው። ከፓትና ብዙ አይርቅም። ኪሻን በልጅነቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ራንቺ ሄዷል፤ ይህ ልጅ ግን ያስቆጠራት እያንዳንዷ ነጥብ በቢሃር ስም ተመዘገበች።